ባለጆሮ ክር

ብርድ ልብሱ ለስላሳ መሆኑ ነው የሚያናድዳት፣ ሸካራ ቢሆን፣ ቢቆረቁር፣ ይሄ ደግሞ ምን ልብስ ነው ብላ ስቃበት ትወጣ ነበር፣ አሁን ግን እጇን ጣል አድርጋበታለች፣ እጇ ደግሞ መነሣት አልፈለገም፣ እንደ ጠቦት ጆሮ፣ አይ፣ ጠቦት እንኳ ይሸታል፣ ይሄ ምንም አይሸትም፣ ክሩ ከፋብሪካ ወጥቶ በላስቲክ ተጠቅልሎ መጥቶ በሰው ቤት ነግሦ ተቀምጧል። ውኃ ሰማያዊ። ውኃ ሰማያዊ ለመነኩሴ። ጥሩሸዋ የእማሆይ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች፣ መጥረጊያው መሬት ላይ ወድቋል፣ ልትጠርግ ነበር የገባችው፣ ለመጥረግ ብቻ፣ እግዜር ያውቃል።

ማንም የለም። ባሏ ወዳጆ አውድማ ላይ ነው፣ ገብሱ ተወቅቶ ነፋስ ይጠብቃል፣ የባሏ እናት እማሆይ አመተሥላሴ ቅዳሴ ሄደዋል፣ የነቢያት ጾም አይደል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ቅዳሴ አይወጣም፣ ይዛቸው የሄደችው የምሥራች ናት። እሷው ናት እንጂ ማን ሊሆን። እጃቸውን ይዛ፣ ድንጋዩን በእግሯ ገፋ እያደረገች፣ እማዬ እዚህ ጋ ቀስ በይ እያለች። በይ። ጥሩሸዋ በዚህ ግቢ ሃያ ሁለት ዓመት ምራት ስትሆን አንድ ቀን አንቺ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፣ እማሆይ ይቀመጡ፣ እማሆይ ውኃ ላምጣልዎት፣ ሳይመነኩሱም በፊት እርስዎ ነበሩ፣ ይቺ ግን የታናሽ ልጃቸው የአንዷለም ሚስት፣ ከደብረ ብርሃን ከመጣች አራት ወር ያልሞላት፣ ባሏ አይሱዙ ይዞ ከከተማ ከተማ ሲዞር ከአማቷ ጉያ የማትወጣ፣ በመጣች በሳምንቱ አንቺ አለቻቸው። ጥሩሸዋ አሁን ይቆጧታል ብላ ጠበቀች፣ ደስ እያላት ጠበቀች፣ እሳቸው ግን ሳቁ። ልጅ እኮ ናት አሉ። እኔ ስመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ልጅ ናት ያለኝ የለም።

ጠዋት ደግሞ የምሥራች በሩ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እትዬ ጥሩ አንቺ አትመጪም? ራሴን አሞኛል አለቻት። ውይ፣ ትንሽ ዳማ ከሴ ልጭመቅልሽ? ተይው፣ ይሻለኛል። ዳማ ከሴ ልጭመቅልሽ። ደግ ደግሞ መሆን አለባት። ክፉ ብትሆን ምን አለ፣ አንድ ቀን፣ አንዲት ቃል፣ ለጎረቤቷ ለጠጄ የምትነግረው አንዲት ነገር እንኳ ብትሰጣት፣ የለም፣ ሁሉ ነገሯ እንደዚህ ክር ነው፣ ብትዳስሺው ብትዳስሺው እሾህ የለውም።

ክር ይሉታል እንጂ ክርም አይደል። ጣት የሚያህል ወፍራም፣ ፀጉራም፣ ከዳር እስከ ዳር ቀለበት ቀለበት የተሠራለት፣ እዚህ ሞላሌ ያለ ሰው ባለጆሮ ክር ብሎ ስም አወጣለት፣ መርፌ አይፈልግ፣ ኪሮሽ አይፈልግ፣ የላዩን ጆሮ በጣትሽ በታቹ ጆሮ ውስጥ ሳብ ማድረግ ነው፣ አለቀ፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ ረድፉ ሲያልቅ መመለስ። ከኋላ ከሳብሽው ለጥ ይላል፣ ከፊት ከሳብሽው ያብጣል፣ ጌጡ የሚወጣው ከዚህ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። በሰባት ቀን ውስጥ ብርድ ልብስ። ይሄም ሙያ ሆኖ? ቅዳሜ ገበያ ላይ ለጠጄ እንደዚያ አለቻት፣ ሹራብ በሁለት መርፌ ለሠራ ሰው፣ ከበግ ጀርባ ሸልቶ አጥቦ ፈትሎ ላለበሰ ሰው፣ ይሄ የሕፃን ጨዋታ ነው አለቻት፣ ጠጄ ደግሞ ሽንኩርቷን እየመረጠች ቀና ሳትል፣ ቀናሽ እንዴ ጥሩ? አለቻት።

ቀናሽ እንዴ። ማን፣ እኔ?

ያን ቀን ነው። ክሩ የመጣበት ቀን። እሱን ቀን ማሰብ አትፈልግም፣ ግን አልጋው ላይ ተቀምጣ፣ እጇ እዚህ ላይ ሆኖ፣ እንዴት አታስብ። እማሆይ ስድስት ዓመት ሥራ አልነኩም፣ ቁርጥማቱ ጣታቸውን እንደ ደረቀ ሥር ጠመዘዘው፣ እንዝርት ከእጃቸው ወደቀ፣ መርፌ ወደቀ፣ መቁጠሪያ እንኳ በመዳፋቸው ነው የሚገፉት፣ በዚህ ላይ ዓይናቸውን ሞራ ያዘው። እጄ ከእኔ በፊት ሞተ ይሉ ነበር። ሞላሌን ሙሉ ፈትል ያስተማሩ ሴት። ጥሩሸዋ ማሰሮ ይዛ ደጃፉ ላይ ደርሳ ነበር፣ የምሥራች አጠገባቸው ተቀምጣ ያቺን ጠማማ ሌባ ጣት ይዛ በቀለበቱ ውስጥ አስገባቻት፣ ሳቢያት እማዬ አለቻቸው፣ ሳቡ፣ ወጣ። አንድ ጆሮ። ሌላ። የእማሆይ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ እያለቀሱ ነው ስትል እየሳቁ ነበር፣ እየሳቁ ነው ስትል እንባው በጉንጫቸው ይወርዳል፣ እጄ ተነሣ አሉ፣ የምሥራች፣ ልጄ፣ እጄን አስነሣሽው። ጥሩሸዋ ማሰሮዋን እንደያዘች ቆማለች። ደስ ሊላት ሲገባ። አንድ ጥሩ ሰው ደስ ሊለው ሲገባ። እሷ ግን ያለችው፣ ምነው እኔ ባመጣሁት፣ አይደለም፣ እውነቱ እሱ አይደለም፣ ዛሬ ማንም የለምና እውነቱን ተናገሪ፣ ምነው ሳይነሣ በቀረ ነው ያልሽው። ምነው ያ እጅ ሞቶ በቀረ፣ ያጎረስኩት እኔ፣ ያጠብኩት እኔ፣ የእኔ ነበር እኮ ሲሞት።

እግዚኦ።

ተነሺ ጥሩሸዋ። ጥረጊና ውጪ።

ትነሣለች፣ መጥረጊያውን ታነሣለች፣ ሥራ ሰው ያድናል፣ ፍራሹን ቀና አድርጋ ከሥሩ ልትጠርግ እጇን ትሰዳለች፣ ጠፍሩ ላይ አቧራ አይጠፋም፣ እና ጣቷ አንድ ነገር ይነካል። ሳታየው ታውቀዋለች። ጥቁር። ከባድ። ሸካራ። ባናው፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብሱ።

ባናዋ። እጥፍጥፍ ተደርጎ፣ አራት ቦታ ታጥፎ፣ ከፍራሹ ሥር፣ እንደ ድርቆሽ፣ ጠፍሩ ጎን እንዳይቆረቁር እንደሚነጠፍ አሮጌ ስልቻ። ሁለት ክረምት ነው የፈተለችው፣ የጥቁር በግ ፀጉር ብቻ እየመረጠች፣ ነጭ ዘለላ ስታይ በጥርሷ እየነቀለች፣ ሸማኔው ራሱ እንደዚህ ያለ ድር ነክቼ አላውቅም ብሏታል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ሐረጉን በነጭ ፀጉር በመርፌ አስገባችለት። ሐረጉ። የእማሆይ አባት ቁም ጸሐፊ ነበሩ፣ በብራናው ራስ ላይ የሚሥሉትን ሐረግ እማሆይ ልጅ ሆነው በጣታቸው ይከተሉት ነበር፣ ያንን በክር መልሰው ለጥሩሸዋ አሳዩዋት፣ ለእሷ ብቻ፣ አንዱ ሐረግ በአንዱ ላይ ያልፋል፣ ከዚያ በሥሩ ያልፋል፣ መጨረሻ የለውም፣ ይሄን ካንቺ ሌላ አላሳየሁም አሏት። እማሆይ ሲመነኩሱ አለበሰቻቸው። በየማታው እንደለበሱት ነው የምታስበው። በዚህ ውርጭ ባናዬ አለ፣ አይበርዳቸውም፣ እያለች ነው የምትተኛው። መቼ ነው ፍራሽ ሥር የገባው? ማን አጠፈው? በዚያ እጃቸው ማጠፍ አይችሉም። የምሥራች ናት ያጠፈችው። ጥርት አድርጋ፣ ዳር ከዳር ገጥማ ነው ያጠፈችው፣ ሙያዋን አየሁላት።

እና ከላይ ሰማያዊው ተንጣሎ። በመካከሉ ሐረግ። ያው ሐረግ፣ ካንቺ ሌላ አላሳየሁም የተባለው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ያልፋል፣ ጣት በሚያህል ክር፣ አብጦ፣ እንደ ጉንጉን ጠጉር።

የክሩ ጫፍ ከረድፉ መጨረሻ ወጥቶ ወደ ተጠቀለለው ድውር ይወርዳል። አልተቋጠረም። አላለቀማ፣ እንዴት ይቋጠራል። የምሥራች እኮ ራሷ ነግራታለች፣ እትዬ ጥሩ ሳይጨረስ ጫፉ እንዳይጎተት አደራ፣ አንዴ ከተሳበ ሁሉም ነው የሚፈታው፣ በዚህ መርፌ የለ፣ የሚይዘው የለ። አደራ። አንዱን ረድፍ ብቻ። ትናንት ማታ እየዘፈነች የሠራችውን የላይኛዋን፣ አንዷን፣ ድመት ነካችው ይባላል።

ትስባለች።

ጥቅ። ጥቅ ጥቅ ጥቅ። እያንዳንዱ ጆሮ ከወንድሙ ሲወጣ ትንሽ ድምፅ አለው፣ እንደ በቆሎ ፍሬ ከቆረቆንዳው ሲላቀቅ፣ እጇ ይጣፍጠዋል፣ ይሄ እማዬ ቀስ በይ ላልሽበት፣ ጥቅ ጥቅ፣ ይሄ ለዳማ ከሴው፣ አንድ ረድፍ አለቀ፣ ሁለተኛው ራሱ ይመጣል፣ እሷ አልጎተተችም እንዲያው መጣ፣ ይሄ ባናዬን ላጠፍሽበት፣ የላይኛዎቹ ዘጠኝ ረድፎች የየምሥራች ናቸው፣ ታውቃለች፣ ቆጥራለች፣ በየማታው በዓይኗ ጫፍ ስትቆጥር ነበር፣ ጥቅ ጥቅ ጥቅ፣ ሰማያዊው እግሯ ሥር እንደ አንጀት ይከመራል፣ ማቆም ትችላለች፣ አሁን፣ ይሄ ረድፍ ሲያልቅ፣ አንገቷ ይሞቃታል፣ ስንት ዓመቷ ነው እንደዚህ ከሞቃት፣ ጥቅ ጥቅ፣ እና አንድ ቦታ ላይ እምቢ ይላል። ይያዛል። ትጎትተዋለች፣ ሁለት ጆሮ አንድ ላይ ተያይዞ ይወጣል። ሌላ ደግሞ፣ አራት ዘሎ፣ ሁለት በአንድ።

እጇ ይቆማል።

ሁለት ጆሮ በአንድ የሚያወጣ ሰው በዚህ ቤት አንድ ነው። ሌባ ጣታቸው የደነዘዘው፣ ቀለበቱን ከቀለበት መለየት የሚያቅታቸው። የእሳቸው ረድፎች ስድስት ነበሩ፣ ከየምሥራች በታች፣ ጆሮ እየዋጡ እየዋጡ ሲሄዱ ረድፉ ጠበበ፣ ልብሱ መሐሉ ላይ ገባ አለ፣ የምሥራች ከላይ እያሰፋች መለሰችው እንጂ እነዚያን አልነካችም። ሮብ ዕለት ነው፣ እማሆይ በመዳፋቸው ዳሩን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ አየሽ ጥሩሸዋ፣ ወገብ አወጣሁላት አሉ፣ ሲስቁ ድዳቸው ታየ። አዎ እማሆይ አለች፣ ከአንገት በላይ። ይሄን ጨርሼ፣ በገዛ እጄ የሠራሁትን ለብሼ ልሙት አሉ። ለራሳቸው ነው እኮ የሚሠሩት። ለማንም አይደለም።

ስንት ረድፍ ቀረ? ትቆጥራለች። እንደገና ትቆጥራለች። ስድስቱም የሉም። ስድስተኛው በእጇ ላይ ነው፣ ክር ሆኖ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ ምን ዓይነት ብብት፣ የሽባ እጅ ሥራ፣ ስድስት ዓመት ሞቶ የተነሣ እጅ፣ የሠራውን በአንድ ትንፋሽ።

ስንት ሰዓት ነው? ፀሐዩ ደፉ ላይ ነው፣ ስድስት አልሞላም። ሦስት ሰዓት አላት። ልብሱን ጭኗ ላይ ትስበዋለች፣ አሥራ አምስት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድሳ ጆሮ፣ አስቢ፣ አታስቢ፣ ሥሪ። የታቹን ጆሮ ትይዛለች፣ ድፍት ያለውን፣ የላዩን ትስባለች፣ ያብጣል፣ ለምን ያብጣል፣ ከፊት ነው የሳብሽው አንቺ ሴት፣ ከኋላ፣ ታፈርሳለች፣ ከኋላ ትስባለች፣ ለጥ ይላል። አንድ። አንድም ቀን አልሠራም ብላ፣ እትዬ ነይ ሞክሪው ስትባል ሥራ አለብኝ ብላ፣ በዓይኗ ጫፍ ግን ሁሉንም ወስዳለች፣ ሌባ ዓይን። አሥር። ሃያ። እጇ ይሄዳል። ስድሳ ላይ ታዞራለች፣ ስትመለስ ጣቷ ከእሷ ይቀድማል፣ በአራተኛው ረድፍ ማየት አያስፈልጋትም፣ ሐረጉ ራሱ ይመራታል፣ ሦስቱን አሳልፊ፣ ሦስቱን በላያቸው አምጪ፣ ከዚያ በሥራቸው፣ እና ያማል ይሄ፣ ምን ያማል፣ ደስ ይላል። ሥራው ደስ ይላል። ጣት ውስጥ የሚገባው ለስላሳ ነገር፣ ሳይቧጥጥ፣ ሳይወጋ፣ ዐይን ሳያፈስስ ጌጥ ሆኖ የሚወጣ። ይህን ሁሉ ቀን በገዛ እልኳ ራሷን የከለከለችው ደስታ ነው፣ በዚህ በሌብነት ሰዓት ታገኘዋለች፣ እና በዚህ ላይም ትቀናለች፣ ይህን ሁሉ ቀን ሁለቱ ይሄ እየተሰማቸው ነበር።

የእማሆይ ረድፎች ላይ ናት። ቀጥ ብለው እየወጡ ነው። ወገቡ? ወገቡ መግባት አለበት። ሁለት ጆሮ በአንድ ታወጣለች፣ ሆን ብላ፣ አራት ትዘላለች፣ ሁለት በአንድ፣ ቀና ብላ ታየዋለች፣ ያስጠላታል፣ አንካሳ ከኋላ ሆኖ አካሄዱን እንደ መቅዳት ነው፣ ልጅ እያለች የሠፈር ልጆች የሚያደርጉትን፣ ታፈርሰዋለች። የት የት እንደሳቱ አታውቅም፣ አላየችውም፣ እንዴት ታያለች፣ የቆጠረችው የየምሥራችን ነው፣ ጠላቷን በልቧ ታውቃለች የምትወዳቸውን አታውቅም። ቀጥ ይበል። ዓይናቸው ሞራ ነው። ጣታቸው ደንዝዟል። ቆንጆ ሆኖ ሲወጣ ማን ይከፋዋል።

ቆንጆ ነው። እርም ይሁንባት ቆንጆ ነው። ከየምሥራች ይበልጣል፣ ረድፉ እንደ ቅኔ ማሕሌት ቋሚ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አንድ ጆሮ ላልቶ አንድ ጆሮ ጠብቆ አይታይም፣ ይሄን ለጠጄ ባሳየኋት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ጣቷ ይቃጠላል፣ አሥራ ሁለት፣ ሳል። ከደጅ። የእማሆይ ሳል ነው፣ ሦስት ረድፍ ይቀራል፣ ኮቴ፣ እማዬ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ደፉን እለፊ፣ ልብሱን ወደ አልጋው ትወረውራለች፣ መጥረጊያውን ትይዛለች፣ ባናውን ወደ ሥር ትገፋለች፣ አይገባም፣ ወፍራም ነው፣ ይከብዳል፣ ግማሹ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

እንደምን ዋላችሁ ትላለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነው።

እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ እማሆይ፣ ዕጣን ዕጣን ይሸታሉ፣ ራስሽን ተሻለሽ? የምሥራች ነጠላዋን ስታወልቅ ዓይኗ አልጋው ላይ ያርፋል። ያርፍና ይቆያል። ታየዋለች፣ ጥሩሸዋ የምታየውን ታያለች፣ ዘጠኝ የነበረው ስድስት መሆኑን፣ የክሩን ጫፍ፣ ድውሩ ማደጉን፣ ያን ቀጥ ያለ ረድፍ፣ ሙያ ያለው ሰው ሙያ ያውቃል፣ ከዚያ ባናውን ታያለች፣ ከዚያ ጥሩሸዋን። ተናገሪ። ተናገሪና እንገላገል። እማዬ ሽሮውን ላሙቅ? ትላለች የምሥራች፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ።

ቆይ ልረፍ ይላሉ እማሆይ፣ አልጋው ላይ ይቀመጣሉ፣ እጃቸው እንደ ልማዱ ልብሱን ይፈልጋል። ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው፣ ሲገቡ ይዳብሱታል፣ እንደ ሰው ልጅ፣ ዳሩን ይዘው በመዳፋቸው ወደ ላይ ይወጣሉ። ጥሩሸዋ መሬት ትጠርጋለች፣ የጠረገችውን መልሳ ትጠርጋለች። መዳፉ ይወጣል። ይቆማል። ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል።

ወገቧ የታለ?

የጥሩሸዋ መጥረጊያ መሬቱ ላይ ይቆማል።

የምሥራች፣ ወገቧ የታለ? እኔ የሠራሁት የት ሄደ? ድምፃቸው ቁጣ የለውም፣ ልጅ ዕቃ ጠፍቶበት እንደሚጠይቀው ነው፣ ጣቶቻቸው እየፈጠኑ ይዳብሳሉ፣ ሁሉም ቀጥ ብሏል፣ የሁሉ ዳር ቀጥ ብሏል፣ የኔ የታለ?

እኔ ነኝ እማዬ ትላለች የምሥራች። ምድጃው ጋ ቆማ፣ ማንኪያ ይዛ። ጠዋት ስንወጣ ነጠላዬ ያዘውና ጫፉ ተጎተተ፣ ላለማስከፋት ብዬ ነው፣ እትዬ ጥሩን ለምኛት ሠራችልን። ረጋ ብላ ነው የምትዋሸው፣ ሽሮው ላይ ዓይኗን ጥላ፣ ጥሩሸዋን ሳታያት። እንግዲህ ይኸው ዳነች። አዎ ማለት ብቻ ነው፣ አዎ እንኳ ማለት የለባትም፣ ዝም ማለት ይበቃል፣ ሳትለምን ሊቀ መልአክ ደረሰላት። ግን ከሆዷ የሚወጣው ምስጋና አይደለም። ይሄንንም? ጥፋቴንም ትወስጂብኛለሽ? እጃቸውን ወሰድሽ፣ ሐረጌን ወሰድሽ፣ አንድ የቀረኝ የራሴ የሆነ ነገር ይሄ ኃጢአት ነው፣ እሱንም በደግነትሽ ተሸክመሽው ልትሄጂ፣ እኔም ዕድሜ ልኬን አንቺን ሳይ ላቀረቅር።

ውሸቷን ነው ትላለች ጥሩሸዋ። እኔ ነኝ የጎተትኩት።

መጥረጊያውን ታስቀምጣለች።

አውቄ ነው የጎተትኩት። የእሷን ልፈታ ነበር፣ የእርስዎ መጣ። እማሆይ ፊታቸውን ወደ ድምፁ ያዞራሉ፣ ሞራው የያዘው ዓይን እንደሚያይ ይመስላል። ለምን? ይላሉ። ለምን። ሃያ ሁለት ዓመት ለምን ተብላ ተጠይቃ አታውቅም፣ መልሱ ደግሞ ብዙ ነበር፣ አሁን አንድ ብቻ ይገኛል፣ ትንሽ፣ የሚያሳፍር። ባናዬን ፍራሽ ሥር አገኘሁት ትላለች፣ ከእንግዲህ ምን ቀረ።

ሽሮው ይንተከተካል፣ የምሥራች ታወጣዋለች። ከብዶኝ ነው ልጄ ይላሉ እማሆይ። ደረቴን ተጫነኝ፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ፣ ሌሊት ስገላበጥ አብሮኝ አይዞርም፣ ትንፋሽ አጠረኝ። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ትላለች ጥሩሸዋ። ላንቺ? እንዴት ብዬ? አንቺ ጥርስሽን ያደከምሽበትን፣ ከበደኝ ብዬ ላንቺ? ለእሷ ነገርኳት፣ እሷ ምን ይከፋታል፣ አልፈተለችው። እጠፊልኝና ደብቂልኝ አልኳት። ጥሩሸዋ እንዳታይ አልኳት። ከጎኔ ከምለየው ከሥሬ ይሁን ብዬ ነው።

ጥሩሸዋ መሬቱ ላይ ትቀመጣለች። ለካ ሁለቱ ከጀርባዋ ያንሾካሾኩት ስለ እሷ ነበር፣ እሷን ላለማስከፋት። ደስ ሊላት ይገባል? ያሳምማል እንጂ። እንግዳ አድርገው ከበቧት፣ እንደ ሕመምተኛ ተጠነቀቁላት። እርስዎ እርስዎ ስትል ኖራ፣ ከበደኝ እንኳ የማይባልላት ሰው ሆነች። አንቺ ለምትላቸው ተነገረ። አንቺ ከማለት ጋር እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ለካ።

ነይ ይላሉ እማሆይ። ነይ ወዲህ፣ ፍቺው።

ምኑን?

የሠራሽውን። በእጅሽ ፍቺው፣ እኔ የነበርኩበት ድረስ። የኔን እኔ እመልሰዋለሁ። ቀለሙ ያምራል እንጂ ይሄ የኔ አይደለም፣ የሰው እጅ ለብሼ አልሞትም። እማዬ ብይና ይሆናል ትላለች የምሥራች፣ ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ሆድሽን ነሽ። ስድስት ዓመት ጦሜን የቆየሁ፣ አንድ ሰዓት ምን አላት ይላሉ እማሆይ።

ትፈታለች። ያንኑ ክር፣ በዚያው እጅ፣ ጥቅ ጥቅ ጥቅ፣ ሦስት ሰዓት የለፋችበትን፣ ያን ቀጥ ያለውን፣ ለጠጄ ባሳየኋት ያለችውን። አሁን አይጣፍጥም። ከየረድፉ ጋር ከእሷም አንድ ነገር ይፈታል፣ አይደለም፣ አይፈታም፣ እንዲህ ቶሎ የሚፈታ ነገር አይደለም፣ የምሥራች አጠገቧ ተንበርክካ የሚወጣውን ክር ስትደውር ታያታለች፣ ቀጭን ጣቷን፣ እና አሁንም ያው ነው፣ አሁንም ሆዷ ውስጥ የተቀመጠ አለ፣ ትንሽ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀ እንጂ አልወጣም። እትዬ ትላለች የምሥራች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አሥራ ሁለት ረድፍ በሦስት ሰዓት? እኔ ሁለት ቀን ነው የሚፈጅብኝ። ጥሩሸዋ ቀና ሳትል ትፈታለች። ግን ሰምታለች።

እማሆይ ይጀምራሉ። ጠማማዋ ጣት ቀለበቱን ትፈልጋለች፣ ታልፈዋለች፣ ትመለሳለች፣ ትገባለች። አንድ ጆሮ ለማውጣት ጥሩሸዋ አሥር የምታወጣበትን ጊዜ ይወስዳል። አምስተኛው ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ያነሣሉ። ጥሩሸዋ ታያለች፣ እጇ ሳታስበው ሊያርም ይነሣል፣ የየምሥራች እጅም ተነሥቷል፣ ሁለቱም እጆች በአየር ላይ ይቆማሉ፣ ሁለቱም ይመለሳሉ። እማሆይ ሳቡ። ወጣ። ሁለት በአንድ።

ክሩ ተጠላለፈብኝ፣ የሚያቀብለኝ ሰው ይሁን ይላሉ፣ ይሄ የየምሥራች ቦታ ነው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቀኛቸው ተቀምጣ ክሩን ላላ እያደረገች የምታቀብለው እሷ ናት፣ ትነሣለች፣ ልትመጣ ነው፣ አይ ይላሉ እማሆይ፣ ዛሬ ጥሩሸዋ ታቀብለኝ፣ ነይ በቀኜ ሁኚ።

ትሄዳለች። ትቀመጣለች። ድውሩን ጭኗ ላይ ታደርጋለች፣ ጆሮ ጆሮውን እየለየች ታቀብላለች፣ ትከሻዋ የእማሆይን ትከሻ ይነካል፣ እና ደስ ይላታል፣ እንደ ልጅ ደስ ይላታል፣ አርባ አንድ ዓመቷ ሆና ክር ስላቀበለች፣ ቀና ትላለች ይሄን ደስታዋን ሰው እንዳያይባት፣ እና የምሥራች መሐል ቤት ቆማለች። እጆቿ ባዶ ናቸው። ፈገግ ብላለች፣ ግን ከፈገግታው በላይ፣ ዓይኗ ሥር፣ አንድ ነገር ሽው ብሎ ያልፋል፣ አጭር፣ እሷም ራሷ ሳታውቀው። ጥሩሸዋ ያንን ታውቀዋለች። ፊቱን ከውስጥ በኩል ታውቀዋለች፣ አራት ወር ለብሳው ኖራለች፣ ማሰሮ ይዛ ደጃፍ ላይ የቆመች ሴት ፊት ነው። ለካ አንቺም።

ለካ አንቺም አለብሽ።

ትንሽ ታጣጥመዋለች፣ አትዋሽም፣ አንድ ጆሮ፣ ሁለት ጆሮ እስክታቀብል ድረስ። ከዚያ አልጋው ላይ ጠጋ ትላለች፣ ከእሷ ወዲያ የሰው መቀመጫ የሚያህል ቦታ ይገኛል፣ ድውሩ ሲጎተት እየተንከባለለ አስቸገረኝ፣ ነይ አንቺ ያዢልኝ፣ ትላለች፣ ክሩን ሳትለቅ።